ከኩሽናው ግድግዳ ወዲያ

የአክስቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ብሎ ነበር የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት በወጣትነቱ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሠርቶ ያስረከበውን ዕቃ ባለቤቱ ተሸክሞ መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ ሮጦ ደርሶበት «ግማሽ ሚሊሜትር ይተርፈዋል» ብሎ ቀማው ይባላል። እሱም ታሪኩን አይክድም ነበር። የሚያርማት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ «ግማሽ አይደለም፣ ሩብ ነው» ይላል።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው ኩሽናው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ አንድ ዓይኗ ስፌቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ድስቱ ላይ እንዲሆን። ከኩሽናው ግድግዳ ወዲያ የእሱ ወርክሾፕ አለ። የወርክሾፑ በር የሚከፈተው ወደ ጓሮ ቅያስ ሲሆን፣ የእሷ ደንበኞች የሚገቡት በፊት ለፊቱ በር ነው። ስለዚህ የእሷ ሰዎችና የእሱ ሰዎች አይተያዩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያለዚያ የሆነው ሁሉ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ስለማይገባ ነው።

ወርክሾፑ ውስጥ ከሁሉ የገዘፈው አንድ አሮጌ ሼፐር ነበር። ሼፐር አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ የአናጢ መላጊያ አስቡ፤ ብቻ ይኼኛው የሚልገው ብረት ነው፣ ቁመቱም እስከ ደረት ይደርሳል። የሚላገው ብረት ሞርሳ በሚባለው የብረት መንጋጋ ላይ ይታሰራል። ከበላዩ አንድ ወፍራም የብረት ክንድ ጫፉ ላይ ስለት ነክሶ ይመላለሳል። ሲሄድ ይልጋል፤ ሲመለስ ባዶውን ነው። ሲሄድ ቀስ ይላል፣ ሲመለስ ይፈጥናል። ሚሊሜትር «ደመወዝተኛ ነው፤ ወደ ሥራ ሲሄድ ይጎተታል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይሮጣል» ይለው ነበር። ከተዘጋ ፋብሪካ ያመጣው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ በበሩ አልገባ ብሎ የወርክሾፑን ጣሪያ አንሥተው በላይ በኩል ነው ያወረዱት። ያን ጊዜም ቢሆን ዘመኑ ያለፈበት መኪና ነበር። ጓደኞቹ አንድ ብረት እስኪልግ ጢም ይበቅላል እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ የዋለችው የዚህን መኪና ድምፅ እየሰማች ነው። «ሽርርርር... ቋ። ሽርርርር... ቋ።» ሽርርታው ስለቱ ብረቱን ሲልግ፣ ቋታው ደግሞ ክንዱ ተመልሶ ስለቱ ወደ ቦታው ሲወድቅ ነው። ሲቆም «እየለካ ነው» ትላለች። እንደገና ሲነሣ ሳታውቀው እግሯ የስፌት መኪናዋን ይረግጣል። ከልክ በላይ ከቆመ ሻይ አፍልታ ትወስድለታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአክስቴ ጆሮ ግን ከዚያ ግድግዳ ጋር ተዛምዶ ነበር።

ምሳ ላይ ሲቀመጡ የየራሳቸውን ደንበኛ ያማሉ። እሷ ቀሚስ አሰፍታ ወፍራ ስለምትመጣው ሴትዮ ታወራለች፤ እሱ ደግሞ «ጭቅጭቁ» ስለሚለው ሰውዬ። ጭቅጭቁ የራሱን ማስመሪያ ከቤቱ ይዞ የሚመጣ፣ ዕቃው ሲሰጠው ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ የሚያይ፣ «ፀጉር ታህል ጎድሏል» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። አክስቴ ሚሊሜትርን ሚሊሜትር ገጠመው እያለች ትስቅ ነበር። ከጊዜ ብዛት ሰውዬውን አይታው ባታውቅም እንደ ዘመድ አወቀችው። ጥርሱን ሲነቀል አዘነችለት። ከሚስቱ ጋር ሲጣላ ለሚስቱ ፈረደች። አንድ ክረምት ራሰ በራውን ብርድ እንዳይመታው ብላ ከተራረፈ ጨርቅ ቆብ ሰፍታ ላከችለት። ማታ ባሏን ወደደው ወይ ብትለው፣ ለብሶት መሄዱንና ፀጉር ታህል ይጠበኛል ማለቱን ነገራት። አክስቴ እስክታነባ ሳቀች።

ሚሊሜትር የሞተው ማክሰኞ ቀን ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሻዩን ጠጥቶ ገባ። ወዲያው ድምፁ ተነሣ። አክስቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማድረስ ተጣድፋ ነበር፤ ኮሌታ ስትገለብጥ፣ ቁልፍ ስትተክል ረፈደ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደ ልማዷ ግድግዳውን በማማሰያ መታ መታ አደረገችና ምሳ መድረሱን ተናገረች። መልስ የለም፤ ድምፁ ግን ቀጥሏል። ሰሃኑን ከደነችለት። ትንሽ ቆይታ ደግማ መታች። አሁንም ድምፁ አለ፣ እሱ የለም። ምግብ እየቀዘቀዘ ብረት ማስበለጡ አናደዳትና ብቻዋን በላች። ይህን በኋላ ስትነግረኝ፣ ብቻዋን የበላችውን ጉርሻ እየቆጠረች ነው የነገረችኝ።

ሰሃኗን ስታጥብ ነው የገባት። «ቋ» አለ። ዝምታ። «ቋ» አለ። ሽርርታው የለም። ስለቱ ብረት አይነካም፤ ክንዱ አየር ነው የሚልገው። እጇን ሳትጠርግ በጓሮ ዞራ ገባች። ሚሊሜትር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ያ ግድግዳ የኩሽናው ግድግዳ ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እጁን ስትይዘው እንደ ብረት ቀዝቅዟል። መኪናው ግን ከፊቱ ይመላለሳል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንዴት እንደሚጠፋ አታውቅም፤ የመብራት ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ነቀለችው።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ጠዋት፣ አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እንዳረፈ ከሰውነቱ ተረዳ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ለቀናት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሞቶ ሠራ። እኔም ሦስት ሰዓት ሙሉ አለ ብዬ ሰፋሁ።»

ከቀብሩ በኋላ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ መጥታ ሁለት ሳምንት አብራት ቆየች። ወርክሾፑ ተቆለፈ። አንድ ጠዋት እናትና ልጅ ቁርስ ላይ ሳሉ አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ልጅቷ ምን ሆንሽ ብትላት «አይሰማሽም?» አለቻት። ልጅቷ ምንም አልሰማችም። አክስቴ ተነሥታ፣ ቁልፍ ከፍታ ገብታ፣ እጇን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። ገመዱም እንደተነቀለ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በማግሥቱም እንደዚያው። አንዳንድ ቀን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትሄድ ነበር፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ሞተሩን ዳስሳ ትመለሳለች።

ልጅቷ ፈራች። መኪናው ለብረት ሻጭ ይሰጥና ቦታው ይጽዳ አለች። ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው አዩት፤ ግድግዳ ካልፈረሰ አይወጣም አሉ። አክስቴ ግድግዳው ይፍረስ ለማለት ምንም አልቀራትም ነበር። ያስቆማት ሞርሳው ላይ የቀረው ብረት ነው። የሰው አደራ ነው አለች። ባለቤቱ ሳይታወቅ፣ አደራው ሳይደርስ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ብረቱን ከሞርሳው ፈትታ አወጣችው። የሳሙና ያህል ነው። ስድስቱም ፊቱ ያበራል፤ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ዞረች። መጀመሪያ ጋራዥ ሄደች፤ የእኛ አይደለም አሏት። ማተሚያ ቤት ሄደች፤ ባለቤቱ አገላብጦ አይቶ መለሰላትና ለባሏ ሥራ ካመጣ ዓመታት ማለፋቸውን ነገራት። ፓምፕ ጠጋኙም ይህንኑ አለ። የሰው ነገር፣ ይረሳሉ ብላ አሰበች። በመጨረሻ ረጅሙን አስጠራችው።

ረጅሙ የሚባለው አጭር ስለሆነ ነው። ጋራዥ ሳሉ ከሚሊሜትር ሥራ የተማረ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይለየው የኖረ ሰው ነው። መጣ፤ ብረቱን ከጨርቁ አውጥታ ሰጠችው። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳበሰ፤ ማንበብ እንደማይፈልገው ደብዳቤ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የማን እንደሆነ ስትጠይቀው ተነሥቶ ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ተከተለችው። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ጎትቶ ከፈተ።

ሳጥኑ ሙሉ ብረት ነው። በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ፣ አንድ በአንድ የተደረደሩ፣ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም የሚያበሩ። ትልልቆቹ ከታች፣ ትንንሾቹ ከላይ። ከላይ ያሉት ተልገው ተልገው እንደ ብስኩት ሳስተዋል። አንዳቸውም ላይ ቀዳዳ የለም፣ ጥርስ የለም፣ ምልክት የለም።

«ይሄ ዕቃ አይደለም፣ እትዬ» አለ ረጅሙ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም። ድምፅ ነው።»

አልገባትም። ረጅሙ በርጩማው ላይ ሊቀመጥ ብሎ ተወው፤ ቆሞ ነው የነገራት። ሥራ ከቀረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ዕቃው ተሠርቶ በካርቶን ይመጣል፤ የተሰበረ የሚጠገንበት፣ የተበላ የሚላግበት ጊዜ አልፏል። ሚሊሜትር መጀመሪያ ጠበቀ። ከዚያ መሰርሰሪያውን ሸጠ፣ ከዚያ ትንሿን የብረት መቅረጫ ቶርኖ። አክስቴን «ለሰው አውሼው ነው» ሲላት የነበረው ሁሉ ተሽጧል። ሼፐሩን ግን የሚገዛው አልተገኘም። እና ጠዋት ጠዋት እየገባ፣ አንድ ብረት አስሮ፣ ከፍቶት ይቀመጣል። ብረቱ ሲያልቅ ሌላ ያስራል። ማለቅ ሲጀምርበት የተላገውን መልሶ ይልጋል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

«ለምን ትደክማለህ ስለው» አለ ረጅሙ፣ «‹ዝም ካልኩማ ትሰማለች› አለኝ።»

አክስቴ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። ብረቶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ረጅሙ ሊረዳት ጎንበስ ሲል በእጇ ከለከለችው። ከታች፣ ከትልልቆቹ ሥር፣ በዚያው የዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ለስላሳ ነገር ነካች። ፈታችው። ቆብ ነው። ስፌቱን አወቀችው፤ የራሷ ነው።

«ጭቅጭቁስ?» አለች።

ረጅሙ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ማስመሪያ ይዞ የሚመጣው፣ ራሰ በራው፣ ጥርሱን የተነቀለው እያለች ነገረችው። ረጅሙ ብዙ አሰበ፤ ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር ትላለች፣ ፊቱ ላይ አይታዋለች። በመጨረሻ ግን ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ ያለ ሰው አያውቅም።

አላለቀሰችም። አፍ የለህም ወይ ብላ ረጅሙን ተቆጣችው፤ አስምሎኝ ነበር አላት፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ውጣልኝ አለችው። ወጣ። እሷ ኩሽና ገብታ ቆቡን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪመሽ ተቀመጠች። ልጅቷ ገብታ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ያባትን ገመና አውጥታ ልጅ ፊት ማስቀመጥ መሰላትና ዘጋችው። እስከ ዛሬም አልነገረቻትም። እኔ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። ልጅቷ ሄዳ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አንድ ቀን ልጠይቃት ብገባ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረደችልኝ።

በዚያን ጊዜ ከሐዘኑ ይልቅ ቁጣው ይበላት ነበር። ስለ ሦስቱ ሰዓት መናገር ተወች። ስድስት ዓመት ነው የምትለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ባዶ ነበር። የትኛው ቀን እውነት ነበር? ጭቅጭቁ የመጣው መቼ ነው፣ ሥራው ሳይቀር ነው ወይስ ከቀረ በኋላ? ምሳ ላይ ያወሩትን ሁሉ መልሳ ትበጥረው ነበር፤ ይሄኛው እውነት፣ ይሄኛው ውሸት እያለች። ጨርሶ ላልነበረ ሰው ሐዘን ተቀመጠች ብል ማጋነን አይደለም። እኔ ፊት ሁለት ጊዜ ስለ ጭቅጭቁ ሚስት ስታነሣ ሰምቻታለሁ፤ «ያቺ ምስኪን» ብላ፣ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ድምፁም አልተዋትም። እንዲያውም ባሰ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ይነሣል፤ አሁን ግን ሽርርታ የለውም፣ ቋታው ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ ረጅሙ ደፍሮ መጣ። ስለ ሌላ ነገር አላነሣም፤ መኪናው ዘይት ካላገኘ ዝገት እንደሚበላው ብቻ ነገራት። ዘይት ቀብቼ እሄዳለሁ አለ። አክስቴ በር ላይ ቆማ አየችው። ዘይት የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ሲያጠጣ፣ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችው። አሥራ አራት አላት። ጎንበስ ብላ ቆጠረችና አንድ ቀርቶሃል አለችው። እውነትም ቀርቶት ነበር።

«አስተምረኝ» አለችው።

ረጅሙ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ያስተማራት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ነው። ክንዱ ምን ያህል እንደሚሄድ በመዘውሩ ማስተካከል፣ ብረቱን ሞርሳ ላይ ደርዙን ጠብቆ ማሰር፣ መኪናው ሳይቆም አለመለካት፣ ምንም ቢሆን እጅን ከፊቱ አለማሳለፍ። እጇ ሠላሳ ዓመት መርፌ ሥር የኖረ ነው፤ ከሚመላለስ ነገር ጋር መኖር ያውቃል። ረጅሙን ያስገረመው ግን ጆሮዋ ነው። አንድ ቀን እየላጉ ሳለ ስለቱ ደንዝዟል አለችው። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ምንም የለውም አላት። አስቁመው አለች። ስለቱን አውጥቶ በማጉያ መነጽር ሲያየው ጫፉ በትንሹ ተሸርፏል። ስለቱ ከልክ በላይ ሲነክስ፣ የሞተሩ ቀበቶ ቺንጋው ሲላላ፣ ብረቱ ሲሞቅ ሁሉንም ትሰማለች። ነክታው የማታውቀውን መኪና ከግድግዳ ወዲያ ሆና ሠላሳ ዓመት ተምራው ኖራለች።

አንድ ሐሙስ ረጅሙ ቀርቶባት ብቻዋን ከፈተችው። ያልተላገ ቁራጭ ብረት አሰረች፤ ክንዱ ሄደ፣ ተመለሰ። እሱ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ እዚያው ነው። እስከዚያ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። እግሯ ሲዝል ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ያን ጊዜ ነው ሌላውን ድምፅ የሰማችው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከኩሽናው። ውኃ ሲንጠባጠብ፣ የሰሃን መክደኛ ሲነካ፣ የስፌት መኪና ፔዳል ሲረገጥ፣ ከዚያ የሴት እርምጃ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። የፊቱን በር በገዛ እጇ ቆልፋዋለች። መኪናውን አጥፍታ፣ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ዞራ ሄደች። ኩሽናው ባዶ ነው። የስፌት መኪናው በጨርቁ እንደተሸፈነ ነው። መክደኛው በቦታው ነው።

ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የራሴ እርምጃ ነው» አለችኝ። «እኔ እሱን ስሰማ ለካ እሱም ተቀምጦ እኔን ሲሰማ ነው የኖረው። ሥራ የለው፣ ሰው አይመጣለት፤ ጀርባውን እዚያ ላይ አድርጎ እኔን ሲሰማ ይውላል። ምሳ ደርሷል ብዬ ግድግዳውን ስመታ፣ የመታሁት ጀርባውን ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጣዋ በረደ ማለት አልችልም። ግን ሌላ መልክ ያዘ። ስድስት ዓመቱን «ውሸት» ማለት ተወች። ምን እንደምትለው ግን አታውቅም።

የዳቦ ቤቱ ሰውዬ የመጣው በሳምንቱ ነው። ከቅያሱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ባለቤት፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት የሆነ ሰው። አክስቴና ረጅሙ እየላጉ ሳለ ክፍቱን በር አንኳኳ። የሊጥ ማቡኪያው መዘውር በኩርቱ ፌስታል ይዟል። መዘውሩ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበት ቦይ ተበልቶ ባዶውን እየዞረ ነው፤ ሁለት ቀን ሊጡን በእጃቸው ሲያቦኩ ነው የከረሙት። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ነው የመጣው።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለ። «ጋሼ ማረፋቸውን ሰምቼ ደንግጬ ነበር። እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ዕቃ ይዤ መጥቼ ከዚህ በር ተመልሻለሁ። ሁልጊዜ መኪናው ይሠራል። ሥራ የበዛበት ሰው ነው፣ የእኔ ወረፋ አይደርስም እያልኩ።»

ረጅሙ ወለሉን አየ። አክስቴ መዘውሩን ተቀብላ ብርሃን ላይ አነሣችው፤ የተበላውን ቦይ በጣቷ ዳሰሰች፣ ረዥም ጊዜ። ሰውዬው ምን አጠፋሁ ብሎ ተጨነቀ።

«አሁን ወረፋ የለም» አለችው በመጨረሻ። «ነገ ረፋድ ላይ ና።»

አዲሱን ቦይ ያወጡት በአሮጌው ትይዩ፣ በቀዳዳው በሌላኛው ወገን ነው። ስለቱን ረዥም ዘንግ ላይ አስረው ቀዳዳው ውስጥ አስገቡት፤ ክንዱ በተመላለሰ ቁጥር ከወረቀት የቀጠነ ፍቅፋቂ እየተቆለመመ ይወድቃል። ረጅሙ ይለካል፣ አክስቴ ታዳምጣለች። ሊያልቅ ሲል ረጅሙ ይበቃል አለ። አክስቴ አንድ ጊዜ ይለፍበት አለች። አለፈበት። ማያያዣውን ብረት ሲያስገቡት ሳይላላ፣ መዶሻም ሳያስፈልገው ገባ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ በማግሥቱ ወሰደው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማቡኪያው መሥራቱን ሊነግራት ብቻ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው። ወሬው በዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ ተዛመተ፤ የሚሊሜትር ሚስት ብረት ትልጋለች ተባለ። መጀመሪያ ሰዎች ለማየት ነው የሚመጡት። ከዚያ በካርቶን የማይመጣ ዕቃ ያላቸው መምጣት ጀመሩ፤ የአሮጌ ፓምፕ፣ የአሮጌ ማተሚያ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት የሆነው ወፍጮ። ብዙ አይደለም፤ በወር ሁለት፣ ሦስት። ልጇ ስልክ ላይ ስትሰማ ተቆጣች፤ በአካል መጥታ ካየች በኋላ ግን ለእናቷ ወፍራም የቆዳ ሽርጥ ገዝታላት ሄደች።

አክስቴ ሥራ ከሌለ መኪናውን አትከፍተውም። ይህን ሕግ ለራሷ ያወጣችው ማንም ሳይነግራት ነው። መኪናው በተነሣ ቁጥር ትቆማለች፤ እየሠራ ትታው አንድ እርምጃ አትርቅም። አሁንም ድምፁን ትሰሚያለሽ ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኋት። እሰማለሁ አለችኝ፣ በሁለቱም ወገን። ግን ሄጄ አላይም።

ባለፈው ወር ረጅሙ ለዓይኑ ሕክምና ልጁ ዘንድ ሄደ። በዚያው ሳምንት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ያ መጀመሪያ ብረቱን አገላብጦ የመለሰላት ሰው፣ የወረቀት መቁረጫውን ተንሸራታች ብረት ይዞ መጣ። አክስቴ ብቻዋን ያዘችው። እኔ እዚያ ነበርኩ። የክንዱን መንገድ ስታስተካክል አንድ ጣት ያህል አስረዘመችው፤ ስለቱ ሄዶ ከብረቱ ትከሻ ጋር ተጋጨና ደረቅ ድምፅ አሰማ። ወዲያው አጠፋችው። ብረቱ ላይ ጥልቅ ጭረት አለ፤ አይመለስም።

ልትደብቀው የምትችል አይመስለኝም፤ ግን ልትደብቀው አልሞከረችምም። ሰውዬው በቀጠሮው ሲመጣ ብረቱን እንደተበላሸ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«አበላሸሁት» አለችው። «መኪናው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሌላ ብረት አምጣልኝ፣ እደግመዋለሁ።»

ሰውዬው ጭረቱን አየ፣ እሷን አየ። ትንሽ አጉረመረመ፤ ቢሆንም በማግሥቱ አዲስ ብረት ይዞ መጣ። አክስቴ ከጠዋት ጀምራ ቆመችበት። እየላገች፣ እያስቆመች፣ እየለካች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሰች። ሁለተኛው ሆነላት።